ለካሁ እንጂ አልጠየቅሁም

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ተንበርክኬ የአንድ ሽማግሌ የእጅ ሥራ በሜትር ለካሁ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የላሜራውን ውፍረት፣ የጉድጓዶቹን ብዛት አንድ በአንድ መዘገብኩ። ሽማግሌው ለምን እንደዚያ አድርገው እንደሠሩት ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ፣ ከማስታወሻዬ ቀና ሳልል «ቆዩማ ጋሼ፣ እሱን እኔ አሳምሬ እጽፈዋለሁ» ብዬ አቋረጥኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። ዛሬ የምናዘዘው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ስማቸውን አልጠራም፤ በአደባባይ እንዳነሣው አልፈቀዱልኝም። ያስተማረኝን ተቋምም ሆነ በኋላ ሥራቸውን የገለበጠውን ሰው አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ልካፈለው አልፈልግም።

የተወለድኩት መተማ ወረዳ ነው። በእኛ ቆላ ዓመቱ የሚቆጠረው በሰሊጥ ነው። ሰኔ ማለቂያና ሐምሌ መባቻ ላይ ዋልካው ሲርስ ይዘራል፤ መስከረም ሲገፋ ይታጨዳል፤ ነዶው ታስሮ ሂላ በሚባል ክምር ይቆማል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ሰሊጥ ቀጠሮ አያከብርም። ፍሬ አቃፊው ሲደርስ ከጫፉ ይሰነጠቅና ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፋል። ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ በዘገዩበት ዓመት አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ መሬት ላይ የተበተነውን ነጭ ፍሬ ሲመለከት አይቻለሁ። ያንን ፊቱን አልረሳውም።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስልክ ደወለ። ስለ ሰሊጥ ስናወራ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሴሳኮ የሚባል ኩባንያ ደርሶ የማይረግፍ፣ እንደቆመ በኮምባይነር የሚታጨድ ሰሊጥ አራብቶ ዝርያዎቹን በፓተንት እንዳስመዘገበ ነገረኝ። የእኛ ሰሊጥ መሬት ላይ ሲረግፍ ሌላ አገር አለመርገፉ ራሱ የባለቤትነት መብት ሆኗል ማለት ነው። ልቤ ቆመ። «ይህን የመሰለ ነገር የሚጽፈውና የሚከራከርበት ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። የፓተንት ጠበቃ እንደሆነ አስረዳኝ። አሜሪካ ውስጥ በፓተንት ቢሮው ፊት የፈጠራ ባለቤትን ለመወከል ሕግ መማር ብቻ እንደማይበቃ፣ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርትና የቢሮውን ፈተና ማለፍ እንደሚያስፈልግም ጨመረልኝ።

እዚያው ወሰንኩ። መጀመሪያ ምህንድስና፣ ቀጥሎ ሕግ። በእኛ አገር ሕግ ከመሰናዶ በቀጥታ የሚገቡበት ትምህርት በመሆኑ መንገዴ ከሌሎቹ በእጥፍ እንደሚረዝም አውቅ ነበር። ግን የወቅቱ ነፋስም ወደዚያው ይገፋ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በ2001 ዓ.ም. መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል መርሕ ይዞ ነበር። መካኒካል ምህንድስና ስመርጥ ያልመረቀኝ ዘመድ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ግን የተናገረው ሌላም ነገር ነበር። ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር እሱን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። «ምህንድስናውን ለራሱ ካልወደድከው አትግባበት» ብሎኝ ነበር። «የሠሪ አፍ የምትሆነው ሥራው ሲገባህ ነው።» ሰምቼዋለሁ። የምፈልገው ወረቀቱን ስለነበር እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ለአምስት ዓመት ምህንድስናን እንደ ጉምሩክ ኬላ ቆጠርኩት፤ ተፈትሼ ማለፍ እንጂ ማደር የማልፈልግበት ቦታ አደረግሁት። በወርክሾፕ ኮርስ ለእያንዳንዳችን አንድ ቁራጭ ብረት ተሰጥቶን በሞረድ ሞርደን አራቱን ጎን እኩል እንድናደርግ ታዝዘን ነበር። ሳምንታት የሚፈጅ፣ መዳፍ የሚያቆስል ሥራ ነው። ጓደኞቼ በማዕዘን መለኪያ ብርሃን እያሾለኩ ሞረዱ የቱ ጋ እንደበላ፣ የቱ ጋ እንደቀረው ሲመረምሩ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ የሕግ ቃላት አጠና ነበር። ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ትርፍ የሠራ ጓደኛዬን ለምኜ የእሱን ብረት በስሜ አስረከብኩ። የላቦራቶሪ ሪፖርቶቼ ከሌላ ሰው የተገለበጡ ናቸው። ፈተናውን የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎችን በመሸምደድ አለፍኩ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። አስተማሪዎቼ ያወቁብኝ አይመስለኝም፤ ቢያውቁ ኖሮ ዛሬ አመሰግናቸው ነበር።

ሕጉን ግን ወደድኩት። በማታው ክፍለ ጊዜ ስማር አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ፓተንት ለ15 ዓመት እንደሚሰጥ፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት እንደሚጨመር፤ አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት አግኝቶ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ እንደሚችል፤ የዕፅዋት ዝርያ በእኛ ሕግ ፓተንት እንደማያገኝና በሌላ አዋጅ እንደሚዳኝ፤ ሁሉንም በቃሌ አውቀው ነበር። የማላውቀው ሕጉ የሚጠብቀውን ነገር ነበር።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. የጤፍ ወሬ መጣ። በ1997 ዓ.ም. ከአገራችን ተቋማት ጋር ስለ ጤፍ የተዋዋለ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር ፓተንት ሰጠው። ኩባንያው በኋላ ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ ቆየ። ኅዳር 2011 ላይ የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ዜናው እኛ ዘንድ ሲሰማ እንደ ብዙው ኢትዮጵያዊ ደስ አለኝ። ለእኔ ደግሞ የራሴ ሙያ ያሸነፈ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደረቴን ነፍቼ ወደ መተማ ወረድኩ።

ሽማግሌውን ያገናኘኝ ዘመዴ ነው። ከደጋው የወረዱ ባለእጅ ናቸው፤ አባታቸው ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ አሳድገዋቸዋል። እሳቸው ከቱቦላሬ፣ ከበርሜል ላሜራና ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ሰሊጥ በመስመር የሚዘራ የእጅ መሣሪያ ሠርተው ነበር። ሰሊጥ መዝራት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሺህ ፍሬ ቢመዘን 3 ግራም ገደማ ነው። ገበሬው ከአሸዋ ጋር እየደባለቀ በእጁ ሲበትነው አንዱ ጋ ይታፈናል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። የእሳቸው መሣሪያ ላይ የዘር ሳጥን አለ፤ ሥሩ በጎማው የሚዞር፣ ጥቃቅን ጉድጓድ ያለበት ድፍን ብረት አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ዘንበል ብላ የተበየደች አንዲት ላሜራ አለች፤ ከጫፏና ከሳጥኑ ግድግዳ መካከል ጣት የማታስገባ ክፍተት አለ። የሞከሩት ጎረቤቶቻቸው ዘሩ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንደወረደ ይመሰክሩ ነበር።

የጤፉን ፍርድ ተረኩላቸው። «እነሆ ጋሼ፣ ሕግ እንዲህ ያሸንፋል» አልኳቸው። «የእርስዎንም ማንም እንዳይነካው አደርገዋለሁ።» አመኑኝ። ከዓመቱ ሰሊጣቸው ሽያጭ ከፈሉኝ። ከዚያ ተንበርክኬ ለካሁ።

የፈጠራ ማመልከቻ ልቡ ባለሙያዎቹ ክሌም የሚሉት ክፍል ነው፤ «የእኔ የሆነው ይህ ነው» ተብሎ ወሰኑ የሚሰመርበት አንቀጽ። ጥበቃው እዚያ ከተጻፈው አያልፍም። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደሚመስል ከመጻፍ ይልቅ የትኛዋ ነገር እንዲሠራ እንዳደረገችው ለይቶ መጻፍ ነው ጥበቡ። እኔ የጻፍኩት መልኩን ነው። ሳጥኑ «ከላሜራ የተሠራ» ነው አልኩ፤ ከፕላስቲክ ሊሠራ እንደሚችል አላሰብኩም። ጉድጓዶቹ «12» ናቸው አልኩ፤ 10 ወይም 14 ቢሆኑስ ብዬ አልጠየቅሁም። ልኩን እስከ ሚሊሜትር አሰፈርኩ፤ ትክክለኛነት መስሎኝ ነበር። ያቺን ዘንበል ያለች ላሜራ ደግሞ ስሟን ፈልጌ አጣሁ። ሳጥኑን ለማጠንከር የገባች መሰለችኝና «የውስጥ ማጠናከሪያ» ብዬ ጻፍኳት፤ እሷንም በዝርዝር መግለጫው ብቻ፤ ክሌሙ ውስጥ ጭራሽ አላስገባኋትም።

ሰርተፊኬቱ መጣ። ሽማግሌው በመስታወት አስገብተው ብየዳ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በሥሩ ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ልሰርዘው እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

በ2013 ዓ.ም. የክረምቱ ዘር ሲቃረብ በሌላ ከተማ የተሠራ መዝሪያ ገበያ ላይ ወጣ። ሳጥኑ ፕላስቲክ፣ ጉድጓዱ 10፣ ቁመቱ የተለየ ነው። ሽማግሌው አንዱን ገዝተው ፈቱትና ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያቺን ላሜራ አስገብቷታል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሕግ አለልኝ ብሎ የሚተማመን ሰው እርጋታ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ማመልከቻውን ከፍቼ አነበብኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ላሜራ ብያለሁ፣ የእሱ ፕላስቲክ ነው። 12 ብያለሁ፣ የእሱ 10 ነው። አንዲቷ የተወሰደች ነገር፣ የሥራው ነፍስ፣ በእኔው እጅ «ማጠናከሪያ» ተብላ ተጽፋለች። ብንከስ የተከሳሹ ምስክር የሚሆነው የእኔ ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልተገለጸን ነገር በኋላ መጨመር አይቻልም፤ መሣሪያው ለዓመታት በአደባባይ ስለተሸጠ እንደ አዲስ ማስመዝገብም አይቻልም። በሩ ተዘግቷል፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከስህተት የከፋ ነው። ለሽማግሌው እውነቱን አልነገርኳቸውም። «ጋሼ፣ የአገራችን ሕግ ደካማ ነው፤ ለድሃ አይቆምም» አልኳቸው። ዋሸሁ። ሕጉ በዚያ ጉዳይ አልደከመም፤ ያቀረብኩለትን ነው የጠበቀው። እሳቸውም ያልኩትን አምነው ለሌሎች ነገሩ። የእጣን ዛፍ መብጫ ያሻሻለ አንድ ወጣትና የሰሊጥ ማበጠሪያ የሠራ ሌላ ሰው ለማስመዝገብ አስበው ኖሮ በእሳቸው ቃል ምክንያት እንደተዉት በኋላ ሰማሁ። የአንድ ሰው መብት ማጥፋቴ ሳያንስ፣ ሁለት ሰዎች ሕግን ገና ሳይሞክሩት ተስፋ እንዲቆርጡበት አደረግሁ።

በዚያ ዓመት የጤፉን ጉዳይ እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ እንደ መሐንዲስ። ፓተንቱ ተንጠልጥሎ የነበረው በአንዲት የቴክኒክ ቁጥር ላይ ነው። ዱቄትና ውኃ ተደባልቆ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲሞቅ ይወፍራል፤ አንድ ዘንግ ያንን አቋርጦ ወደ ታች እስኪወርድ የሚፈጀው ሰከንድ ይቆጠራል። ሰከንዱ ካነሰ በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም በርክቷል ማለት ነው፤ ሊጡ አይቆምም። የፓተንቱ ባለቤት ጤፉ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 እንዲሆን፣ ለዚያም እህሉ ከታጨደ በኋላ ጊዜ እንዲያገኝ ጠየቀ። ያቺን ቁጥር የያዘውን ዱቄት የእኔ ነው አለ። ዳኞቹ ደግሞ ፓተንቱን ሲጥሉት ለስሜት አልፈረዱም፤ ያ ነገር ሙያውን ለሚያውቅ ሰው የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብለው ነው። የወሰደውም፣ ያስመለሰውም የነገሩን አሠራር ያወቀ ነው። እኔ ለዓመታት ያንን ታሪክ እንደ ስርቆትና እንደ ድል አወራሁት እንጂ 250 ምን እንደሆነች አንድ ቀን አልጠየቅሁም ነበር። ለእናቴ እንጀራ ያን ያህል የምቆረቆር ሰው!

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ነገሩን «ስህተት» አልኩት። ዝም አሉኝ። «ቸልተኝነት» አልኩት። አሁንም ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ሰውየው ሊነግርህ ሲል ለምን አስቆምከው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ አፌ ላይ መጥቶ አንደበቴ ተያዘ። ያስቆምኳቸው ከባለእጅ የምማረው ነገር የለም ብዬ ስላመንኩ ነው። ስሙ ንቀት ነው።

ይህ ንቀት ከእኔ አልጀመረም፤ በእኔ ግን ማለቅ ይችል ነበር። ከእኛው ቋራ የወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት የእጅ ጥበብ የመንግሥት አቅም መሆኑ ገብቷቸው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ልብን ግን አዋጅ አይደርስበትም። ሽማግሌው፣ አባታቸው «ቀጥቃጭ» ተብለው ከማኅበር ተገልለው እንደኖሩ ነግረውኛል። እኔ ያን ቃል በአፌ አላወጣሁትም። የጓደኛዬን ብረት በስሜ ሳስረክብ ግን ያንኑ ቃል በእጄ ተናገርኩት፤ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ «ቆዩማ» ስል ደግሞ በትህትና ቋንቋ ደገምኩት። ምህንድስና እጅና አእምሮ የሚታረቁበት ትምህርት ነው። እኔ ዲግሪውን ይዤ እንደተጣሉ ተውኳቸው።

ጥር 2015 ላይ ወደ ገንዳ ውሃ ተመለስኩ። ብየዳ ቤቱ አለ። ሰርተፊኬቱ ግድግዳው ላይ የለም፤ ሰቅለውበት የነበረው ምስማር ብቻ ቀርቷል። ከረከዴ አስመጡልኝ። ሳልጠጣ ተነሥቼ ቆምኩና ነገርኳቸው። «ሥራዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሕጉ አይደለም፣ መንግሥት አይደለም። የገለበጠውም ሰው ያለፈው እኔ ክፍት በተውኩት በር ነው። ያቺ ላሜራ ምን እንደምትሠራ ሳይገባኝ ጻፍኩ፤ ከዚያ ዋሸሁዎት።» የከፈሉኝን ገንዘብ አስቀመጥኩ። ገንዘቡ ካሳ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእኔ አልነበረም። ለሁለቱ ሰዎችም ራሴ ሄጄ እውነቱን እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ፤ በማግሥቱ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ጓንታቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አገሬን አማሁ» አሉ በመጨረሻ። ከዚህ የከበደ ወቀሳ በሕይወቴ አልደረሰብኝም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምህንድስና ተምራችሁ ወደ ፈጠራ ሕግ ለመግባት የምታስቡ፣ መንገዱ መልካም ነው። አገራችንም ትፈልጋችኋለች። የሰሊጡ፣ የእጣኑ፣ የጥጡ ቆላ ውስጥ ስም የሌላቸው ብዙ ብልሃቶች በየብየዳ ቤቱና በየማሳው አሉ። ነገር ግን ምህንድስናውን ለመሻገሪያ ብቻ አትግቡበት። ስትገቡ ብረቱን ራሳችሁ ሞርዱት። የሚፈለግባችሁ የመልካም ውጤት ወረቀት አይደለም፤ አንድ ሰው የሠራውን ነገር ሲያሳያችሁ «ይህ ባይኖር ምን ይሆናል?» ብላችሁ የምትጠይቁበት ዓይን ነው። እኔ አሁን ማንኛውንም ማመልከቻ ከመጻፌ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ከሠሪው አጠገብ እውላለሁ፤ ብዕሬን የማወጣው ወደ ማታ ነው። ዘግይቼ ተማርኩት። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌላ ሰው ናቸው።

ያን ቀን ልሄድ ስል ሽማግሌው «ተቀመጥ» አሉኝ። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን የመጀመሪያ መዝሪያ ጎትተው አመጡና ክዳኑን ከፈቱ። «ያኔ ልነግርህ የነበረውን ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ ጋሼ።»

«እናቴ ከጎታ ጤፍ ስታወጣ አይ ነበር። ከጎታው ሥር ያለችዋን ቀዳዳ ስትከፍታት እህሉ ሁሉ አይጎርፍም። ትንሽ ይወርድና ራሱን በራሱ ይዘጋል። ስትዝቅለት ደግሞ የዘገነችውን ያህል ይወርዳል። ጎታው ሙሉ ይሁን ጎዶሎ፣ ከደጅ ያለችው ክምር አንድ ልክ ናት። የእኔ ሳጥን ሙሉ ሲሆን ዘሩ ተጫጭኖ ይታፈን ነበር፤ ሲጎድል ይፈስስ ነበር። ስለዚህ ይቺን ላሜራ አስገባሁ። ከላይ ያለው ክምር እሷ ላይ ያርፋል፤ ጉድጓዶቹ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ብቻ ይኖራል። ይኸው ነው።»

ይኸው ነበር። ክሌሙ ከዚያ ቃል አይበልጥም ነበር። እጄን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ያቺን ላሜራ ዳሰስኳት፤ ጠርዟ በሞረድ ለስልሷል፣ ዘር እንዳትሰብር። ሽማግሌው ስለ ክፍተቱ ስፋት፣ ስንት ጊዜ እንዳበላሹ፣ በየትኛው ክረምት እንደተሳካላቸው መናገር ቀጠሉ። ሜትሬን ከኪሴ አላወጣሁም። እስኪጨርሱ ድረስ አንድም ቃል አልተናገርኩም።